መልስ፦ ቢ12 ያልጨመርኩበት ቱቦ ለምን ይደፈርሳል?

ሰላም ወንድሜ። ሰበታ ላይ የእርጎን ቫይታሚን ቢ12 ሜት-ኢ ጂኑ (ያለ ቢ12 ሜታዮኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚያሠራው) በተቆረጠ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ እድገት ስትለካ፣ ቫይታሚኑ የሌለበት ቱቦም እንደሚደፈርስብህ፣ ማለትም ባክቴሪያው እንደሚያድግበት፣ ጽፈሃል። መጀመሪያ የምጠረጥረው ከባክቴሪያው ጋር ከማሳደጊያው (ቀድሞ ካደገበት የምግብ ፈሳሽ) ተጎትቶ የሚመጣውን ነው። ይህ ባክቴሪያ ሜታዮኒን የሚሠራው ቢ12 በሚፈልገው ሜት-ኤች ኢንዛይም ብቻ ነው፤ የተዘጋጀ ሜታዮኒን ካገኘ ግን ያለ ቢ12ም ያድጋል። ስለዚህ የእርሾ ተዋጽኦ ካለበት ማሳደጊያ በቀጥታ አትዝራ። ኤም9 (ሜታዮኒን የሌለበት ቀላል የጨው ማሳደጊያ) ላይ 0.4 በመቶ ግሉኮስና በሚሊሊትር 50 ማይክሮግራም ሜታዮኒን ጨምረህ አሳድረው፤ ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ እያወረድክ ሦስት ጊዜ በ0.9 በመቶ የጨው ውኃ እጠበው። ስትዘራም በ600 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካው የድፍርስ ንባብ ከ0.01 አይብለጥ።

እርጎው ራሱም ነጻ ሜታዮኒን አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከእያንዳንዱ ናሙና ግማሹን በ0.2 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 30 ደቂቃ አፍላና ፒኤቹን ወደ 7 መልስ። ቢ12ቱ ይጠፋል፣ ሜታዮኒኑ ይቀራል። ሁለቱንም ንባብ በመለኪያ ኩርባው (መጠኑ በታወቀ ቢ12 በሠራኸው) ወደ መጠን ከለወጥክ በኋላ የፈላውን ካልፈላው ቀንስ፤ ኩርባው ቀጥ ያለ መስመር ስላልሆነ የድፍርስ ንባብን ከንባብ መቀነስ አያስኬድም።

የሰበታን ከፍታም አትርሳ። እዚያ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አውቶክላቩም (በእንፋሎት ማምከኛው) የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ ገና 117 ዲግሪ ገደማ ነው። በቴርሞሜትሩ 121 እስኪያነብ ጠብቅ።

የቢ12ን አወሳሰድ ለማየት ቢቱ-ቢ ጂኑም የተቆረጠ ዝርያ ጎን ለጎን አሳድግ። ቢ12 የሚገባበት የውጭ ሽፋኑ በር ስለሌለው ለማደግ እጅግ የበዛ ቢ12 ይፈልጋል።