ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

21 ዓመቴ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ11 ዓመቴ፣ ከእናትና ከአባቴ ጋር ነው። አሁን የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለኮሌጁ አገር አቋራጭ እሮጣለሁ። የትምህርት ክፍያዬን ግማሽ የሚሸፍንልኝም ሩጫው ነው።

ችግሬ የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። የግራ እግሬ ቅልጥም ላይ አንድ ቦታ ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ ነበር። በኋላ ደረጃ ስወጣም፣ ሌሊት ጋደም ስልም ያመኝ ነበር። ለማንም ሳልናገር ሁለት ውድድር ሮጥኩበት። እርስዎ እንደሚያውቁት በአገር አቋራጭ ከአንድ ቡድን ሰባት ሰው ይሮጣል፤ የሚደመረው ግን የመጀመሪያዎቹ አምስት ደረጃ ነው። እኔ የቡድናችን አራተኛ ነበርኩ። ብቀር እንደምጎዳቸው አውቃለሁ። በሦስተኛው ውድድር፣ ከስድስቱ ኪሎ ሜትር ሁለቱ ሲቀሩኝ፣ መራመድ አቃተኝና ቆምኩ። በኤምአርአይ ሲታይ አጥንቱ ተሰንጥቋል። መውደቅ ሳይኖር፣ ጫና ሲደጋገም የሚመጣ ስንጥቅ ነው አሉኝ።

ስድስት ሳምንት እግሬን በሕክምና ቡት ታስሬ ሄድኩ። ከዚያ መሮጥ እስኪፈቀድልኝ ብስክሌት እንድነዳ ተነገረኝ። በመጀመሪያ ጂም ውስጥ ያለውን፣ ባለበት የሚሽከረከረውን ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን የኮሌጁ የብስክሌት ክበብ ልጆች ይዘውኝ ወጡ። ጎልደን ከተማ አጠገብ ሉክአውት የሚባል ተራራ አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ግማሹ ላይ ትንፋሼ አለቀ። እግሬን ግን አላመመኝም! ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያመኝ ደከምኩ። ጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስንወርድ ፍሬን የያዘው ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ታች ድረስ እየሳቅኩ ነው የወረድኩት።

በመጋቢት ከእነሱ ጋር ውድድር ገባሁ። የመጀመሪያው ክራይቴሪየም የሚሉት ነው፤ አጭር ዙር እየተደጋገመ የሚሄድ። በሩጫ የማውቀው ከፊቴ ያለችውን ማለፍ ነው። በብስክሌት ደግሞ ከፊት ያለው ሰው ነፋሱን ለሁሉም ይሰብራል፤ ከኋላው የተጠጉት ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ዙር ሙሉ ከፊት ሆኜ ሁሉንም ጎተትኳቸው። በአራተኛው ጥለውኝ ሄዱ። ግን ወደድኩት።

ሁለተኛው የ70 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው። እንደ ቤታችን ልማድ እጾማለሁ፤ እስከ ስድስት ሰዓት እህል አልቀምስም። ውድድሩ የተጀመረው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ውሃ ብቻ ይዤ ገባሁ። 50ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የመንገዱ መስመር ሁለት ሆኖ ታየኝ። ወርጄ አጥር ጥግ ተቀመጥኩ። አንዲት የክበባችን ልጅ ውድድሯን ትታ መጥታ ሙዝ ሰጠችኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነው አልኳት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አሰልጣኜ ለመጪው መስከረም ሙሉ በሙሉ ወደ ሩጫ እንድመለስና የብስክሌት ውድድሩን እንድተው ይፈልጋል። አባቴ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ይለኛል። "በዓለም ያስጠራን ሩጫ ነው፤ ኢትዮጵያዊንና ብስክሌትን ምን አገናኛቸው?" ይላል። እኔ ደግሞ ሲፋን ሐሰንን አስባለሁ። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ 5 ሺህ፣ 10 ሺህና ማራቶን ሮጣ በሦስቱም ሜዳሊያ ወሰደች። ታዲያ እኔ ሁለት ነገር ያቅተኛል? ብስክሌት እንደሆነ አጥንት አይጎዳም። ምናልባት ለእኔ የሚሆነው እሱ ነው እላለሁ።

በተረፈ ደህና ነኝ፤ ሌላ ችግር የለብኝም። ክብደቴ ስለቀነሰ ሰው ሁሉ "አሁን ሯጭ መሰልሽ" ይለኛል። የወር አበባዬ ካለፈው ሰኔ ጀምሮ ቀርቷል። የቡድኑ ልጆች ስፖርተኛ ላይ ያለ ነው ስላሉኝ አላሳሰበኝም።

የትኛውን ልምረጥ?

ከኮሎራዶ


መልስ

የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተራራው ጫፍ ላይ ያለቀስሽውን ልቅሶ አውቀዋለሁ። መልሴን ግን የምጀምረው "ሌላ ችግር የለብኝም" ካልሽበት ቦታ ነው።

የወር አበባሽ የቀረው ሰኔ ላይ ነው። አጥንትሽ የታመመው መስከረም ላይ ነው። አንቺ አንዱን መጀመሪያ፣ ሌላውን መጨረሻ ላይ ጻፍሽው። እኔ ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ደነገጥኩ።

የወር አበባ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሐኪም መርምሮ ይለየዋል። መጀመሪያ ስለ እርግዝና ይጠይቅሻል፤ አትቀየሚው። ነገር ግን በርቀት ሯጭና በብስክሌተኛ ላይ፣ ከእንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ጋር ተያይዞ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የምግብ ማነስ ነው። የምትበይው ለምትሠሪው ሥራ አልበቃም ማለት ነው። ልምምዱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ለሌላው የሰውነት ሥራ የሚተርፈው ሲያንስ ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል። ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ለነገ መቆየት የሚችለው ወጪ ነው አይደል? የወር አበባም እንደዚያ ይቀራል። አብሮት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። አጥንትን የሚጠብቀው ደግሞ እሱ ነው። አጥንት በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይፈርሳል፣ ይጠገናል። ጥገናው ሲዘገይ በየእርምጃው የሚያርፍበት ጫና ይሰነጥቀዋል።

የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል። ክሊኒክ ስትሄጂ "ሬድ ኤስ" ብትያቸው ይገባቸዋል። ወንዶችንም ይይዛል፤ እነሱ ግን የወር አበባ ስለሌላቸው ቶሎ አይነቁም።

ይህን ሁሉ የማወራሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ክለብ 1,500 እና 3,000 ሜትር እሮጥ ነበር። የወር አበባዬ ለዓመት ከመንፈቅ ቀረ። ማንም አልደነገጠም። እንደ ታላቅ እህት የማያት አንዲት ሯጭ "እሰይ፣ ልምምዱ ገባሽ" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። 47 ዓመቴ ላይ ኩሽና ውስጥ ተንሸራተትኩና እጄን መሬት አስደገፍኩ፤ አንጓዬ ተሰበረ። ሐኪሙ አጥንቴ መሳሳቱን ሲያይ "በወጣትነትሽ ምን ትሠሪ ነበር?" አለኝ። ያን ቀን ነው የገባኝ። ለዕድሜ ልክ የሚሆን አጥንት የሚከማቸው በልጅነትና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። አንቺ ገና 21 ነሽ። እኔ ያልደረስኩበትን ትደርሺበታለሽ።

"ብስክሌት አጥንት አይጎዳም" ያልሽው ግማሹ እውነት ነው። ስትሮጪ በየእርምጃው እግርሽ ላይ የሚያርፈው ጫና የክብደትሽን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ብስክሌት ላይ ኮርቻው ይሸከምሻል። ለዚህ ነው ያላመመሽ። ነገር ግን አጥንት የሚጠነክረው በመጠኑ ሲመታ ነው። ለረጅም ዓመት የጎዳና ብስክሌት ብቻ የጋለቡ ሰዎች አጥንታቸው፣ በተለይ የታችኛው ወገባቸው፣ ሳስቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ምግብሽን ሳታስተካክዪ ወደ ብስክሌት ብትዞሪ ሕመሙ ይጠፋል፤ መሳሳቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ይህ ከቅልጥም ስንጥቅ ይልቅ ያስፈራኛል።

ወደ 70 ኪሎ ሜትሩ ልመለስ። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተከማቸ ስኳር አለ። በጠንካራ ግልቢያ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያቆያል። ሌሊቱን ሳትበዪ ስታድሪ የጉበትሽ ክምችት ይቀንሳል። አንቺ ጎድሎ ጀምረሽ ምንም ሳትጨምሪበት 50 ኪሎ ሜትር ሄድሽ። እኔ የሚገርመኝ እስከዚያ መድረስሽ ነው! በእንዲህ ያለ ረጅም ውድድር በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ የተለመደ ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይይዛል። ያቺ ልጅ ሙዙን ስትሰጥሽ በብስክሌት ላይ ራስሽን ስተሽ ከመውደቅ አድናሻለች። ስታገኚያት ጉንፋን እንዳልነበር ንገሪያት፤ ውድድሯን ትታልሻለችና እውነቱን ማወቅ ይገባታል።

ጾሙን በተመለከተ እኔም ጿሚ ነኝ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የኮሌጅ የብስክሌት ውድድር የሚበዛውም በዚያው ወቅት ነው። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም አታስገድድም። አንቺ አሁን በሕክምና ላይ ያለሽ ሰው ነሽ። ለንስሐ አባትሽ "አጥንቴ ተሰብሮ ነበር፣ የወር አበባዬም ቀርቷል" ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። እፍረት ከያዘሽ እናትሽ ይንገሩልሽ። ከጤናሽ ጋር እንዴት እንደሚሆን እሳቸው ይመሩሻል። ወደፊት ድነሽ ስትጾሚም ቢሆን በባዶ ሆድ ውድድር መግባት ይቅር። የጾም ምግብ ራሱ ሯጭን ማብላት ይችላል። በሶ ለመንገደኛ የተሠራ ስንቅ ነው፤ በውኃና በስኳር በጥብጠሽ ከማለዳ ልምምድ በፊት ጠጪው። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፤ ብረቱ በደንብ ይገባልሻል። ሻዩን ግን ከምግብ አርቂው፤ ብረቱን ይይዘዋል። ልምምድ እንደጨረስሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዪ፤ ባይርብሽም።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ የስፖርት ሕክምና የሚያውቅ ይሁን። ስለ ቅልጥምሽና ስለ ወር አበባሽ በአንድ ቀጠሮ ንገሪው፤ ለየብቻ ከነገርሻቸው ማንም አያገናኛቸውም። የሆርሞን፣ የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ዲና የፌሪቲን ምርመራ፣ እንዲሁም የአጥንት ጥግግት የሚለካውን ዴክሳ ጠይቂ። ፌሪቲን የሰውነትን የብረት ክምችት ያሳያል፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ እሱ ሊያንስ ይችላል። የብረት ክኒን በግምት አትውሰጂ፤ ሲበዛ ይጎዳል። የወር አበባ ለማምጣት ብቻ ተብሎ የወሊድ መከላከያ ክኒን ከተሰጠሽም ለምን እንደሆነ ጠይቂ። በክኒኑ የሚመጣው ደም ሰውነትሽ መዳኑን አያሳይም። ስለ ምግብ የሚያማክርሽ የስፖርት ባለሙያም ኮሌጁ ይኖረው እንደሆነ አጣሪ።

አሰልጣኝሽም ማወቅ አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንቺ አንድ ጊዜ ደብቀሽ ሁለት ውድድር ሮጠሽ ምን እንዳመጣ አይተሻል። የገንዘብ ድጋፉ ያሰጋሻል፣ ይገባኛል። መጀመሪያ የፈረምሽውን ስምምነት አንብቢ። የኮሌጁ ስፖርት ክፍል ውስጥ ደንብ የሚከታተል ሰው ይኖራል። በሕመም ምክንያት ሳልወዳደር ብቀር ምን ይሆናል ብለሽ ጠይቂው፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። የሐኪም ወረቀት በእጅሽ ይዘሽ መነጋገር፣ ውድድር መሃል ላይ ወድቆ ከመነጋገር በጣም ይሻላል።

እንግዲህ ሩጫ ወይስ ብስክሌት ላልሽው፦ ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ ድረስ በአንዱም አትወዳደሪ። ይህን ስልሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ማገገሙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። መስከረም ቢያልፍሽም ይለፍ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ብትወጃቸው ችግር አይታየኝም። የአባትሽ ተረት እውነት ነው፤ የማይወጣው ግን ሁለቱ ዛፍ በአንድ ጊዜ ነው። አገር አቋራጭ በመጸው ነው፣ የኮሌጅ የጎዳና ብስክሌት በጸደይ ነው። በጸደይ የትራክ ውድድር ስላለ ከአሰልጣኝሽ ጋር መደራደር ይኖርብሻል፤ ዋናው ክርክራችሁ እሱ ላይ ይሆናል። ደግሞ ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያጣምር ዱአትሎን የሚባል ስፖርት አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዞፊንገን በሚባል ከተማ 10 ኪሎ ሜትር ሮጠው፣ 150 ጋልበው፣ እንደገና 30 የሚሮጡ ሰዎች አሉ። ያበዱ አይደሉም፤ በደንብ የሚበሉ ናቸው።

ሲፋንን በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። እሷም ሩጫውን የያዘችው ኔዘርላንድስ ውስጥ ነርስነት እየተማረች ነው። ግን ፓሪስ ላይ ያየሽው የዓመታት ሥራ ያፈራውን ቀን ነው። እኔ ለአንቺ ትዕግሥት አሰፋን ባነሳ እመርጣለሁ። በ2016 ሪዮ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ በጊዜው የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በመካከሉ ሰባት ዓመት አለ። አንቺ በሰባት ዓመት ውስጥ 28 ትሆኛለሽ።

አባትሽን ደግሞ አንድ ነገር አስታውሺልኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956፣ ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ስሙን ሲሰሙ ምናልባት ያስታውሱት ይሆናል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 በታላቁ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ዛሬ ማታ ግን ክርክሩን ተዪውና እናትሽን ለብቻቸው ያዣቸው። የሰኔውን ነገር ንገሪያቸው። ቀጠሮው ጋም አብረውሽ ይሂዱ፤ ስትመለሱ ጻፊልኝ።