ዳዊት የልጅ መቅጫ ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 7፣ ትንሹ 4። ቤታችን መንፈሳዊ ንባብ እንዳይጠፋበት ብዬ ማታ ማታ አስነብባቸዋለሁ። ያጠፋ ልጅ ደግሞ በዱላ እንዳልመታው ብዬ እንደ ጥፋቱ መጠን ዳዊት አስደግመዋለሁ፤ ብርጭቆ ከሰበረ አንድ መዝሙር፣ ከዋሸ አምስት፣ እኅቱን ከመታ አሥር። ባለፈው ሳምንት ማንም ሳያጠፋ፣ እንዲያው አብረን እንጸልይ ብዬ ዳዊቱን ከማኅደሩ ሳወጣ ትልቁ ልጄ «ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ ገበሬ ነው፤ ፊደል ስላልቆጠረ ንባብ ስንጀምር «ከብቶቹን ልይ» ብሎ ይወጣል። እኔስ አልቻልሁበትም፤ ለሰንበት ትምህርት ቤት ብተወው ይሻላል? በስልክ ማንበብስ ነውር አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከአንቺ ጥያቄ በፊት የልጅሽን ልመልስ፤ የእሱ ይብሳልና።

«ምን አጠፋሁ?» ያለው የአንቺ ልጅ ብቻ እንዳይመስልሽ። በማርቆስም በሞጣም በቡሬም ከጉባኤ በኋላ እናቶች ከበውኝ ሲያወጉ ይኸው ነገር ይነሣል። አንዷ በዳዊት ትቀጣለች፤ ሌላዋ ስግደት ታስቈጥራለች፤ አንዷማ ልጇ ባጠፋ ቁጥር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታስጾመው ነበር። ሁሉም እንዳንቺው አስበው ነው፤ ከዱላ ይሻላል፣ በዚያውም ቃሉን ይለምዳል ብለው። ሐሳቡ ደግ ነው። ሥራው ግን ደግ አይደለም፤ ይህን ሳላለሳልስ ልንገርሽ።

እኔም ከዚህ አልዳንሁም። የበኩር ልጄ የጎረቤታችንን ዶሮ በድንጋይ መትቶ እግሯን ሰበረ። እኔ ደግሞ መምህር አይደለሁ? መዝሙር 50ን ሃያ ጊዜ ድገም አልሁት። በር ላይ ቆሞ «ተሣሃለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» እያለ በጣቱ ይቈጥራል። ሃያ ሲሞላ መጽሐፉን አጠፈና ኳስ ሊጫወት ሮጠ። ዶሮዋ እያነከሰች ናት፤ ጎረቤቴም አንዲት የይቅርታ ቃል አልሰማችም፤ ልጄ ግን ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል። ንጉሥ ዳዊት ኃጢአቱ ሲገለጥለት ያለቀሰበትን ጸሎት የዶሮ እግር ዋጋ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቀን ካጠፋነው ከሁለታችን የእኔው ይከፋል።

«ታዲያ ካህኑ ሲያናዝዝ ዳዊት ድገም፣ ስገድ ብሎ ቀኖና ይሰጥ የለም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ሁሉም ይህን ይሉኛል፤ ስሕተቱም የሚበቅለው ከዚህ ነው። ቀኖና የሚቀበል ሰው ማንም አንገቱን ይዞ አላመጣውም፤ በእግሩ መጥቶ «በድያለሁ» ያለ ነው። የንስሐ አባቱም ዕድሜውን፣ አቅሙን፣ ቁስሉን አይቶ ነው የሚያዘው፤ ለአንዱ ያዘዘውን ለሌላው አያዝም፤ መድኃኒት ነውና። ልጅ ብርጭቆ ሰበረ ብሎ የወባ ኪኒን የሚያስውጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ቢያስውጠው ብርጭቆው አይጠገንም፤ ልጁ ግን ወባ የያዘው ቀን ኪኒኑን ሲያይ ይሸሻል። እኔ የምፈራልሽ ያንን ቀን ነው። ይህ ልጅ ነገ ጎልማሳ ይሆናል፤ ጭንቅ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ እጁ ወደ ዳዊት እንዲዘረጋ ነው የምንደክመው፤ ዳዊትን ሲያይ የአንቺ ቁጣ ትዝ ካለው ግን እጁን ይሰበስባል።

ሌላው ደግሞ «እናንተስ በአርጩሜ አይደል ዳዊት የደገማችሁ?» ይለኛል። እውነት ነው፤ የኔታ አርጩሜ ነበራቸው፣ ጥሩ አድርገውም ያውቁበት ነበር። ነገር ግን አርጩሜው ላልያዝነው ትምህርት ነበር፤ ዳዊት ግን የምንወጣበት ማዕረግ ነው። ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል እያልን፣ ዳዊት የደገምሁ ቀን እናቴ ጠላ ጠምቃ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ ለየኔታ ዶሮ ይዛ መጣች። ድግስ የተደገሰለትን መጽሐፍ እኛ የዛሬዎቹ ወላጆች አርጩሜ አደረግነው። እዚህ ላይ ከአባቶቻችን የተማርን መስሎን ከአባቶቻችን ወጥተናል።

ጌታ «ሕፃናትን ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉ» ያለበትን ቦታ ታውቂዋለሽ፤ ግድግዳሽ ላይም ሥዕሉ ሳይኖር አይቀርም። የከለከሏቸው እነማን እንደ ነበሩ ግን አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ፈሪሳውያን አይደሉም፤ ደቀ መዛሙርቱ ናቸው፤ ለጌታ ክብር የተቈረቈሩ መስሏቸው። ማርቆስም ጌታ ይህን አይቶ እንደ ተቈጣ ይነግረናል። ልጅን ከጌታ ለማራቅ ክፉ መሆን አያስፈልግም ማለት ነው።

አሁን ወደ ኦሪት ልውሰድሽ። በዘዳግም 6 ቃሉን ለልጆችህ አስተምረው ካለ በኋላ «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። ተጫወተው! ተርጓሚዎቹን እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል? እንግዳ ቤታችን ገብቶ ዝም ሲል «ተጫወት እንጂ» የምንለው እኮ ነው። ጨዋታ ወግ ነው፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሕፃኑም ጣልቃ ይገባል። አንቺ ግን እንደ ነገርሽኝ ከሆነ ማታ ማታ የምታደርጊው ጨዋታ አይደለም፤ ችሎት ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ትልቁን ልጅሽን ለብቻው ጥሪውና «ዳዊትን መቅጫ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ» በይው። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ ክብሯ ይቀንሳል የሚሉሽን አትስሚ። ከዚያ ለጊዜው አታስነብቢው። አንቺ ራስሽ ጠዋት የዕለቱን ውዳሴ ማርያምሽን ስታደርሺ፣ አንድ መዝሙር ጨምረሽ፣ ድምፅሽን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ጸልዪ። ይስማሽ፤ ይበቃል። ያለ ጥፋት ዳዊት የሚደግም ሰው በቤቱ እንዳለ ይየው።

ለጥፋቱም ከጥፋቱ ጋር የሚገናኝ ቅጣት ፈልጊለት። የዋሸ የዋሸበት ሰው ዘንድ ሄዶ እውነቱን ይናገር፤ እኅቱን የመታ የእሷን ተራ ውኃ ይቅዳ። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ንባቡን ደግሞ ከማታ ወደ ቡና ሰዓት አምጪው። ማታ አንቺም ደክመሻል፣ ልጆቹም እንቅልፋቸው መጥቷል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ቶሎ ይቈጣል። አቦሉ ሲቀዳ አንድ ታሪክ ይነበብ፤ በረካው እስኪደርስ ይጫወቱበት። ሲያነቡ ፊደል ቢስቱ በየቃሉ አታቋርጪ፤ የዘለሉትን ፊደል ነገ ያገኙታል፤ የተቋረጠ ታሪክ ግን ይሞታል። ትንሹ ቢተኛ ተዪው፣ ይተኛ። ሴት ልጅሽም «አንበሳው ዳንኤልን ያልበላው ጾም ይዞት ነው?» ብትልሽ ሳቂ እንጂ «ዝም በይ» አትበያት። በኦሪት ዘጸአት 12 እኮ ፋሲካው ራሱ «ልጆቻችሁ ይህ ምንድር ነው ባሏችሁ ጊዜ» እየተባለ ነው የተሠራው፤ የልጅ ጥያቄ ከሥርዓቱ ውስጥ ቦታ አለው።

እንቆቅልህም ትልቅ መሣሪያ ነው፤ የቅኔ አገር ሰው ይህን ይረሳል? ሳምሶን ራሱ በመጽሐፈ መሳፍንት 14 እንቆቅልህ ጠይቋል። «እንቆቅልህ!» በያቸው፤ «ምናውቅልህ!» ሲሉሽ «ከበላተኛው መብል ወጣ፣ ከብርቱው ጥፍጥ ወጣ» በይ። ካላወቁ አገር ይስጡሽ፤ ማርቆስን ተቀበይ፣ ባሕር ዳርንም ጨምሪ። ከዚያ በኋላ ሳምሶን በገደለው አንበሳ ሬሳ ውስጥ ንብ ሰፍሮ ማር ማግኘቱን አንብቢላቸው። ቀፎ የሚያውቅ የጎጃም ልጅ ይህን ሰምቶ አይረሳም። ትልቁ ልጅሽማ «ንብ ሬሳ ላይ ይሰፍራል ወይ?» ብሎ ይሟገትሽ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደስ ይበልሽ፣ ልጁ ወደ መጽሐፉ ተመልሷል።

የት ልጀምር ካልሽ ከመጽሐፈ ጦቢት ጀምሪ። 66ቱን ብቻ በያዘው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አታገኚውም፤ 81ዱን የያዘውን ያዢ። የወፍ ኩስ ዓይኑ ላይ ወድቆ የታወረ አባት አለ፣ ሩቅ አገር የሚላክ ልጅ አለ፣ ሰው መስሎ መንገድ የሚመራው መልአክ አለ፣ ከኋላቸው የሚከተል ውሻ ሳይቀር አለ። ምዕራፉ 14 ነው። ፍልሰታ አልፎ ነሐሴ 20 ቀን አንዱን ምዕራፍ ብትጀምሪ፣ በቀን አንድ አንድ እያላችሁ ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ መጨረሻው ላይ ትደርሳላችሁ። ስድስተኛው ቀን ላይ ዓሣው ከወንዝ ዘሎ ልጁን ሊውጠው ሲል መጽሐፉን ዝጊና «የቀረው ነገ» በይ። ይጮኹብሻል፤ ይጩኹ። በነጋታው ዳዊት ሲያይ የሚሸሸው ልጅ መጽሐፍ ቅዱሱን ራሱ ተሸክሞ ካልመጣ እኔን ውቀሽኝ። ልጆቻችን በሩፋኤል ዝናብ ራቁታቸውን ሲቦርቁ ስንቶቹ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? የአንቺዎቹ ዘንድሮ ያውቃሉ፤ የጦቢትን ዓይን ያበራው የዓሣው ሐሞት እንደሆነ፣ ሩፋኤል ማለትም «እግዚአብሔር ፈወሰ» ማለት እንደሆነ እያወቁ ይረጥባሉ።

ስለ ባለቤትሽ የጻፍሽው ልቤን ነካው። ያ ሰው ወደ ከብቶቹ የሚወጣው ንባብ ጠልቶ አይደለም፤ በልጆቹ ፊት ላለማፈር ነው። የእኔ እናት ፊደል አታውቅም ነበር። ጥጥ ስትፈትል ግን የዮሴፍን ታሪክ ታወራልን ነበር፤ ወንድሞቹ ጉድጓድ ሲጥሉት እንዝርቷ ይቆማል፤ እኛም እስኪወጣ እንጨነቃለን። በእሷ አወራር ጉድጓዱ የእህል ጉድጓድ ነበር። ኋላ ማንበብ ችዬ ዘፍጥረት 37 ላይ ውኃ የሌለበት የውኃ ጉድጓድ መሆኑን ሳይ «እናቴን ማን አረማት?» ብዬ ተቈጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ያን ምዕራፍ ሳነብ የተልባና የማሽላ ጉድጓድ ነው የሚታየኝ። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ሲያስታውሰው እምነቱ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ በእናቱም በኤውንቄ እንደ ነበረ ነው የጻፈለት፤ ስንት መጽሐፍ እንዳነበቡ አልጻፈም።

ስለዚህ ባለቤትሽን አንባቢ አታድርጊው፤ ተርጓሚ አድርጊው። አንድ እሑድ ትልቁ ልጅ ማቴዎስ 13ን፣ የዘሪውን ምሳሌ፣ ለአባቱ ያንብብለት። ከዚያ አንቺ ዝም በይ። ጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር ቶሎ በቅሎ ለምን ቶሎ እንደሚደርቅ፣ እሾህ እህልን እንዴት እንደሚያንቀው እኔ መምህሩ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው፤ እሱ ግን በእጁ ያውቀዋል። መዝሙር 22ንም፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን፣ ከብት ከሚጠብቅ ሰው የተሻለ ማን ይፈታዋል? ልጆቹ ያን ቀን አባታቸውን በሌላ ዓይን ያዩታል።

ሰንበት ትምህርት ቤቱን አትተዪ፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ የቀረው ስድስት ቀን የአንቺው ቤት ነው። ስልኩም ነውር የለውም፤ ቃሉ በብራናም ቃል ነው በመስታወትም ቃል ነው። ብቻ በጦቢት መካከል መልእክት ጮኾ ሲገባ የልጆቹ ዓይን ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ለእነሱ የሚገለጥ መጽሐፍ ይሻላል፤ ስልኩን ለአንቺ ለመንገድ ያዢው።

ዘሪውን ካነበባችሁ በኋላ ባለቤትሽ ስለ ጭንጫው መሬት ያለውን ጻፊልኝ። ለሚቀጥለው ጉባኤ እፈልገዋለሁ።