ጓንት አድርጋለች፣ ግን ጓንቱ የማን ነው? ጥያቄና መልስ

ነርስ ነኝ። ውሎዬ የኢንፌክሽን መከላከል ሥራ ላይ ነው። ሊታከም የገባ ሰው ሌላ በሽታ ሸምቶ እንዳይወጣ ማለት ነው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የቻልኩትን ይኸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አንዷ ነርስ በአንድ ጓንት ሦስት አልጋ ዞረች። ብናገር በእናቴ ትወጣዋለች ብዬ ዝም አልኩ። ጓንት ካደረገች ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ዝም በማለትሽ አልፈርድብሽም። ችግር ግን አለው። አንድ ባልደረባዬን ቆሜ አይቼዋለሁ። የአንድ ታካሚ ሰውዬ የቁስል ፋሻ ቀየረ። በዚያው ጓንት ስልኩን አነሳ። በር ከፈተ። ተመልሶ የሌላዋን ታካሚ ግሉኮስ አስተካከለ። እሱ እጁ ንጹህ ነው፤ ሴትዮዋ ግን የሰውየውን ቁስል ተካፈለች። ባዶ እጅ ሲቆሽሽ ይታወቅሃል፣ ትታጠባለህ። ጓንት ያዘናጋል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ጓንት፣ ከወለቀም በኋላ እጅ መታጠብ። የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸው አምስት ጊዜያት ይላል፦ ታካሚውን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና ከሚፈልግ ሥራ በፊት፣ ደምና ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፣ ታካሚውን ከነኩ በኋላ፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። የመጨረሻዋን ሁሉም ይረሳታል። የአልጋው ብረት፣ ኮመዲኖው፣ መጋረጃው ማን ትዝ ይለዋል?

በሚቀጥለው «ሲስተር፣ ጓንት ካለቀ ልግዛ እንዴ?» በያት። ገብቷት ትቀይራለች።

ጥያቄ፦ ሳኒታይዘር ይሻላል ወይስ ሳሙና?

መልስ፦ እጅህ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ ሳኒታይዘር፣ እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሸው። ደም ከነካህ፣ ሽንት ቤት ከገባህ ወይም ተቅማጥ ያለበትን ሰው ካስታመምክ ግን በውሃና በሳሙና፣ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። አልኮል የማይገድላቸው የተቅማጥ ጀርሞች አሉ። ውሃ ከሄደ ቧንቧ ያለው ባልዲ ይበቃል። አንድ ሳፋ ውስጥ ሁሉም እጁን መንከሩ ግን መታጠብ አይደለም።

ጥያቄ፦ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ቆሻሻ ስሸከም ፌስታል ውስጥ የነበረ መርፌ ወጋኝ። አለቃዬ «በአልኮል ጥረጊው» ብሎኝ ሄደ። ትናንት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ተነሺና ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ቁስሉን በውሃና በሳሙና እጠቢው፤ አትጭመቂው፣ በረኪናም አታፍስሺበት። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። አትደንግጪ፣ ቫይረሱ ካለበት ሰው መርፌ የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ሦስት ገደማ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ነው፤ ላልተከተበ ሰው ዕድሉ ከ100 እስከ ሰላሳ ይደርሳል። ሦስት ዙር ክትባት አለው። ሐኪሙና ነርሱ ሲከተቡ ጽዳት ይዘለላል፤ ይህ ሁሌም ያበሽቀኛል። ጠይቂ፣ መብትሽ ነው።

ጥፋቱ ደግሞ ያንቺ አይደለም። መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ፣ እዚያው በተጠቀሙበት ቦታ ሴፍቲ ቦክስ በሚባለው የመርፌ መጣያ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። ፌስታል ውስጥ የጣለው ሰው ነው የወጋሽ።

ጥያቄ፦ አባቴን የሳንባ ቲቢ ነው አሉን። ሳህንና ብርጭቆ ለይተንለታል።

መልስ፦ ሳህኑን መልሱለት፣ ሆዱ አይባባ። ቲቢ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው። ይልቅ መስኮቱን ክፈቱ። በሽተኛን ብርድ ይመታዋል ብሎ መዝጋት ልማዳችን ነው፤ ዋርድ ውስጥ እንኳ እኔ ስከፍት አስታማሚ ይዘጋል። ሕክምናው ሥራውን እስኪጀምር አባትህ ተራውን ማስክ ያድርጉ። አጠገባቸው የሚውለው ሰው ኤን 95 የሚባለውን፣ አየር በደንብ የሚያጣራውን ማስክ ቢያገኝ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ በረኪና ስንት በስንት?

መልስ፦ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ካለ፣ አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ። የፈሰሰ ደም ላይ ለማፍሰስ ነው፤ 10 ደቂቃ ይቆይ። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ አክስቴ ተኝታለች። ልጆቹን ይዤ ልጠይቃት?

መልስ፦ ልጆቹ ይቅሩ። አንተም የምታስል ከሆነ ደውልላት። ከሄድክ አልጋዋ ላይ አትቀመጥ፤ ወንበር ከሌለ ቆመህ አጫውታት።