ትንሽ ውሻ ለምታሳድጉ ወጣቶች፦ ስለ ማደንዘዣ ፍርሃትና ስለ ጥርስ ሕክምና

ውድ ወጣቶች፣

በእንስሳት ሕክምና ሙያ ረጅም ዘመን የቆየ ሰው ብዙ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብለታል። የአንዲት ትንሽ ውሻ ጥርስ መታጠብ ወይም መነቀል አለበት ባልኩ ቁጥር ግን በቅድሚያ የምጠየቀው ስለ ጥርሱ አይደለም፤ «ከማደንዘዣው ትነቃለች ወይ?» ተብዬ ነው የምጠየቀው። ጥያቄው ተገቢ ነው። 3 ኪሎ የማትሞላ ፍጡር ራሷን እንድትስት ፈቅዶ መፈረም ቀላል ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ምንም የማይፈራ ሰው ሲገጥመኝ ነገሩን በሚገባ እንዳልተረዳው እጠረጥራለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ፍርሃታችሁን ለማጣጣል አይደለም። የሚያሳስበኝ ፍርሃቱ የሚወስዳችሁ መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ቀጠሮ ወደ ማራዘም ነው፤ «እስቲ ትንሽ እንያት»፣ «እየበላች ነው እኮ»፣ «ከባሰባት ያኔ እንወስዳታለን» ወደ ማለት። እኔ ግን ማራዘም ራሱ አንድ ውሳኔ እንደሆነ፣ ያውም የተፈራውን ማደንዘዣ ይበልጥ አደገኛ የሚያደርግ ውሳኔ እንደሆነ አምናለሁ።

በመጀመሪያ አፏ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ እንመልከት። አዋቂ ውሻ 42 ጥርስ አላት፤ 40 ኪሎ የምትመዝነውም 3 ኪሎ የምትመዝነውም በቁጥሩ እኩል ናቸው። በትናንሾቹ ዝርያዎች መንገጭላው ሲያንስ ጥርሶቹ በዚያው ልክ አላነሱም፤ ስለዚህ ተጨናንቀውና አንዳንዶቹም ተጣመው ይበቅላሉ፣ በመካከላቸውም ምግብና ባክቴሪያ ይከማቻል። ከ28ቱ የወተት ጥርሶች መካከል፣ በተለይም ክራንቻዎቹ፣ በጊዜያቸው ሳይወልቁ ከቋሚው ጥርስ ጎን ተጣብቀው የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ የባክቴሪያ ሽፋን ዛሬ ተጠርጎ ቢነሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ይሠራል፤ ካልተጠረገ ደግሞ በምራቅ ውስጥ ባሉት ማዕድናት በጥቂት ቀናት ጠጥሮ ቡናማ የጥርስ ድንጋይ ይሆናል። እናንተ የምታዩት ይህን ድንጋይ ነው። ዋናው በሽታ ያለው ግን ከድድ በታች ነው፤ እዚያ የገባው ባክቴሪያና ሰውነት ከእሱ ጋር የሚያደርገው ትግል ጥርሱን አቅፎ የያዘውን አጥንት ቀስ በቀስ ይበሉታል።

ይህ በትንሽ ውሻ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት በትልቅ ውሻ ላይ ከሚያስከትለው ይለያል። የታችኛው ትልቅ መንጋጋ ጥርሷ ሥር ከመንገጭላዋ አጥንት ጥልቀት አብዛኛውን ይይዛል፤ አጥንቱ በበሽታው ሲሳሳ ከሶፋ ላይ መዝለል ወይም ጠንከር ያለ ነገር መንከስ ብቻውን መንገጭላውን ሊሰብረው ይችላል። የላይኛውን ክራንቻ ሥር ከአፍንጫ ክፍተት የሚለየው አጥንት ደግሞ ስስ ነው፤ እሱ ሲበላ አፍና አፍንጫ ይገናኛሉ፣ ባለቤቶችም የማያቋርጥ ማስነጠሷንና የአፍንጫ ፈሳሿን ጉንፋን ነው ብለው ለወራት ያስታምማሉ። ከዓይን ሥር በድንገት የሚወጣ እብጠትም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዓይኑ ሳይሆን፣ ሥጋ የምትቆርጥበት ትልቁ የላይኛው ጥርስ ሥሩ ላይ ከቋጠረው መግል ነው። «እየበላች ነው» የሚለው ማጽናኛም ብዙ አያስኬድም። ውሻ በሕመም ላይ ሆና ትበላለች። ሳታኝክ ትውጣለች፣ በአንድ ወገን ብቻ ታኝካለች፣ ምግብ ከአፏ ይወድቅባታል፣ ፊቷን ስትነኳት ትሸሻለች። ባለቤቶቿ ይህን ሁሉ እርጅና ወይም ጠባይ ነው ይሉታል፤ የታመሙት ጥርሶች ከተነቀሉ በኋላ ተመልሳ መጫወት ስትጀምር ነው ምን ያህል ታማ እንደነበር የሚገባቸው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በብሪታንያ በተካሄደ ሰፊ ጥናት ማደንዘዣ ወይም ማስተኛ መድኃኒት የተሰጣቸው ወደ 98 ሺህ የሚጠጉ ውሾች ተመዝግበው ነበር። በዚህ ምክንያት የሞቱት በጠቅላላው 0.17 በመቶ ነበሩ። እኔ ግን ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ ለሁለት ተከፍሎ ሲታይ የሚነግረንን ነው እንድታስተውሉ የምፈልገው። ጤነኛ ከነበሩት ወይም ቀላል ችግር ብቻ ከነበረባቸው ውሾች የሞቱት 0.05 በመቶ፣ ማለትም ከ2000 አንድ ገደማ ሲሆኑ፣ በጠና ከታመሙት ግን 1.33 በመቶ፣ ማለትም ከ75 አንድ ገደማ ነበሩ። ልዩነቱ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። «ሲብስባት እንወስዳታለን» የሚል ሰው እንግዲህ ሳያውቀው ውሻውን ከመጀመሪያው ወገን አውጥቶ ወደ ሁለተኛው እያሻገራት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ በትክክል ይሠራል።

ያው ጥናት ከ5 ኪሎ በታች የሆኑ ውሾች አደጋቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ምክንያቶቹ ግን የታወቁ ናቸው፣ መከላከያም አላቸው። ቀዳሚው ብርድ ነው። የትንሽ ገላ ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያመልጠዋል፤ ማደንዘዣው የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ መንቀጥቀጥንም ያስቀራል፤ በዚህ ላይ በንዝረት የሚሠራው የጥርስ ማጽጃ የሚረጨው ውሃ አፏንና አንገቷን ያረጥባል። የቀዘቀዘ ሰውነት መድኃኒቱን ቶሎ ስለማያስወግድ መንቃቷ ይዘገያል። ስለዚህ ጥሩ ክሊኒክ ገና ሳይጀምር ያሞቃታል፣ ሞቃት አየር የሚነፋ ብርድ ልብስ ያለብሳታል፣ ሙቀቷንም እስክትነቃ ድረስ ይለካል። ሁለተኛው የደም ስኳር ነው፤ በተለይ ቡችላዎችና እጅግ ትናንሾቹ ውሾች ረጅም ጾም አይችሉም። ሦስተኛው የመድኃኒት ልክ ነው፤ ለእንዲህ ያለች ውሻ የሚሰጠው መጠን ከአንድ ሚሊ ሊትር ጥቂት እጅ ስለሆነ፣ ክብደቷ በዕለቱ በሚዛን መለካት አለበት እንጂ ካለፈው ዓመት ካርድ ላይ መገልበጥ የለበትም።

ከሁሉም በላይ ግን የአየር መንገዷ ነው። በጥርስ ሕክምና ጊዜ ውሃ፣ ደም፣ የጥርስ ድንጋይ ስብርባሪና ባክቴሪያ ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳሉ፤ ወደ ሳንባ እንዳይገቡ የሚከላከለው በአየር ቧንቧዋ ውስጥ የሚገባውና ዙሪያውን የሚዘጋው ቱቦ ነው። በዚያው ቱቦ ኦክስጅንና የማደንዘዣው ጋዝ ይገባሉ፤ አልተነፍስም ብትል እንኳ ሐኪሙ ሊያስተነፍሳት ይችላል። ጋዙ በበዛ መጠን የደም ግፊትን ያወርዳል፤ ስለዚህ ብልህ ሐኪም በሚነቀለው ጥርስ አካባቢ ያለውን ነርቭ እንደ ሊዶኬይን ባለ መርፌ ያደነዝዛል፣ ሕመሙ ወደ አንጎል ስለማይደርስም በጥቂት ጋዝ ብቻ ሥራውን ይጨርሳል።

እንግዲህ ፍርሃታችሁን ወደ ጥያቄ ለውጡት። ልቧንና ሳንባዋን ማን አዳመጠ? ኩላሊቷን፣ ጉበቷንና የደም ስኳሯን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይደረጋል ወይ? በደም ሥሯ ፈሳሽ የሚሰጥበት መርፌ ይገባላታል ወይ? የጥርስ ራጅ አለ ወይ? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የጥርስ ትልቁ ክፍል ከድድ በታች ስለሆነ ያለ ራጅ የሚሠራ ሐኪም የሚያየው እኩሌታውን እንኳ አይሆንም። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ጠይቁ ብባል ግን የምመርጠው ይህን ነው፦ ሐኪሙ ጥርሱን ሲሠራ ማደንዘዣዋን የሚከታተለው ማን ነው? የደም ግፊቷን፣ የኦክስጅን መጠኗን፣ ከትንፋሿ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለኩ መሣሪያዎች እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን እነሱን እያየ፣ እጁን ከደረቷ ሳያርቅ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ከጎኗ ከሌለ መሣሪያው ለማን ይጮኻል? «እኔው ሁለቱንም እሠራለሁ» የሚላችሁን አመስግናችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። በነገራችን ላይ፣ ከእናንተ መካከል ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ካላችሁ፣ እንዲህ እየጠየቀ የሚመጣ ባለቤት አያስቆጣችሁ፤ እኔ ከማይጠይቀው ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፣ ቤት ሲደርስም የሰጠነውን መመሪያ በትክክል የሚፈጽመው እሱ ነው።

ያለ ማደንዘዣ ጥርስ እናጸዳለን የሚሉ ሰዎች የፈሪን ልብ በቀላሉ ይማርካሉ። በዚህ ጉዳይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ነቅታ በግድ የተያዘች ውሻ ከድዷ በታች ልትጸዳ አትችልም፣ ራጅም አይነሳላትም፣ የሾለ ብረት አፏ ውስጥ ሳለ ከተንፈራገጠች ልትጎዳ ትችላለች። የሚቀርላችሁ ነጭ ጥርስና ከሥሩ የቀጠለ በሽታ ነው፤ ነጭነቱም ባለቤቱን ለተጨማሪ ዓመታት ስለሚያዘናጋው፣ ከቆሸሸው ጥርስ የባሰ ሆኖ አገኘዋለሁ።

«አርጅታለች» የሚለውም ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይገባም። ዕድሜ ጥንቃቄ ይጨምራል እንጂ በሩን አይዘጋም። በዕድሜ በገፉ ትናንሽ ውሾች ዘንድ የልብ ቫልቭ መድከም የተለመደ ነው፤ ሐኪሙ ያልተለመደ የልብ ድምፅ ከሰማ ራጅና የልብ አልትራሳውንድ ተነሥታ የችግሩ ደረጃ መታወቅ አለበት፤ ብዙዎቹም በቂ ዝግጅት ተደርጎላቸው ማደንዘዣውን በደህና ያልፋሉ። በሌላ በኩል ሳንባዋ ውሃ የቋጠረ፣ ኩላሊቷ እየደከመ ያለ ወይም የስኳር በሽታዋ ያልተረጋጋ ውሻ ብትሆን መጀመሪያ እሱ ይስተካከል፣ ጥርሱ ይቆይ እላለሁ። አንዳንዴም፣ የቀራት ዕድሜ አጭር ከሆነ፣ በሕመም ማስታገሻና በለስላሳ ምግብ ብቻ እንድትቆይ የምመክርበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ይህ ተመርምሮ የተደረሰበት ውሳኔ መሆኑ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ስላለው ሌሊት ብዙ አልልም፤ ስንት ሰዓት ምግብ መከልከል እንዳለባት ሐኪሙ ይንገራችሁ፣ ከታዘዘውም አታስረዝሙ፣ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ አሳውቁ። ከሕክምናው በኋላ ስላለው ጊዜ ግን ልቆይበት። በጠቀስኩት ጥናት ከሞቱት ውሾች ግማሽ ያህሉ የሞቱት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ። «አልቋል» የሚለው ስልክ ሲደወልላችሁ እፎይ ማለታችሁ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሆኖም ሞቃት ቦታ ተኝታ፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ፣ ራሷን ችላ እስክትቆምና ሙቀቷ እስኪመለስ ድረስ ክሊኒኩ ውስጥ ትቆይ እንጂ ተቻኩላችሁ አትውሰዷት። ቤት ከገባች በኋላ በዚያች ሌሊት ድካም፣ መጠነኛ መንገዳገድ፣ ከቱቦው የተነሣ ቀላል ሳል፣ በደም የቀላ ለሃጭ ይጠበቃል። ድዷ ነጭ ሆኖ ከገረጣ፣ ለመተንፈስ ከተቸገረች፣ ጠርታችኋት መንቃት ካቃታት ወይም ደሙ ካላቆመ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻም ፈጽሞ አትስጧት፤ የታዘዘላት ብቻ ይበቃታል።

ድዷ ከዳነና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ የጥርስ ቡሩሽ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ለስላሳ ቡሩሽና ለውሻ የተሠራ የጥርስ ሳሙና ተጠቀሙ፤ በሰው የጥርስ ሳሙና ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ የውሻን የደም ስኳር በድንገት ይጥላል፣ ጉበቷንም ይጎዳል። በየቀኑ፣ የጥርሱን የውጭ ገጽ ብቻ፣ ከድዱ ጠርዝ ሳትርቁ ቦርሹ፤ መጀመሪያ በጣታችሁ አለማምዷት። አጥንት፣ ቀንድና ሰኮና አትስጧት፤ በጥፍራችሁ ስትጫኑት የማይሰረጉድ ነገር ጥርሷን ይሰነጥቃል።

ገና ቡችላ ያላችሁ ደግሞ ስድስት ወር ሲሞላት አፏን አስመርምሩ። ያልወለቀ የወተት ጥርስ ካለና የማምከን ቀዶ ሕክምናም ታስቦላት ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ማደንዘዣ እንዲሠሩላት ጠይቁ።