«ሥጋውን ከሙስሊም ልኳንዳ ብገዛ ይበቃል ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ ተመርቃ ልትደግሺላት ነው፣ ሙስሊም ጎረቤቶችሽንም ጠርተሻል። «ሥጋውን ከሙስሊም ልኳንዳ ገዝቼ እኔው ብሠራው ሐላል ይሆናል? ለመሆኑ ሐላል ማለት ዱዓ የተደረገበት ምግብ ማለት ነው?» ብለሻል። የድሬ ልጆች ነንና አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። እዚህ ድሬዳዋ የሰርግና የምርቃት ድግስ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። በክርስቲያን ቤት ሲደገስ የሙስሊሙን ወገን ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ።

ከሁለተኛው ልጀምር። ሐላል ዐረብኛ ነው፣ የተፈቀደ ማለት ነው። ተቃራኒው ሐራም ነው፣ የተከለከለ። አለቀ። የዐረብ አገር አበሳሰል አይደለም፣ የሥጋ ስምም አይደለም። ሽሮሽ ሐላል ነው። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ እንቁላሉ፣ ወተቱም ሐላል ነው። ዓሣ ደግሞ መታረድ እንኳ አያስፈልገውም። ገንዘብም ሐላልና ሐራም አለው። በግ ሰርቆ ያረደ ሰው መቶ ጊዜ ቢስሚላህ ቢል ሐላል አይሆንለትም።

የዱዓው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሲታረድ «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር» ይባላል። እናንተ በስመ አብ ብላችሁ እንደምታርዱት ማለት ነው። ግን ቃሉ ብቻውን አይበቃም። እንስሳው በሕይወት እያለ መታረድ አለበት። ቢላው የተሳለ ይሆናል፣ ጉሮሮውና ማንቁርቱ ከአንገቱ ደም ሥሮች ጋር ይቆረጣል፣ ደሙ ይፈሳል። ደም ራሱ ሐራም ነው። አባቴ በግ ሲያርድ ቢላውን ጓሮ ዞሮ ነበር የሚስለው፣ በጉ እንዳያየው። በክት አይበላም፣ አሳማም አይበላም። ይሄ ለእናንተም አዲስ አይደለም። የምንለያየው ለምሳሌ ግመል ላይ ነው፤ ለእኛ ሐላል ነው፣ ለእናንተ አይሆንም።

አሁን ወደ ልኳንዳው። ጨረቃና ኮከብ ያለበት ልኳንዳ ሄደሽ ከገዛሽ ሥጋው ሐላል ነው፣ ልክ ነሽ። ጣጣው የሚመጣው ሥጋው ቤትሽ ከገባ በኋላ ነው።

አንድ ሰርግ ላይ የሆነውን ልንገርሽ። ግቢው ውስጥ ሁለት ትልልቅ ድስት የበግ ወጥ ተጥዷል። አንዱ የክርስቲያኖቹ፣ አንዱ የእኔ። ለዙህር ሶላት ገባ ብዬ ስመለስ የእነሱ ጭልፋ የእኔ ድስት ውስጥ ቆሟል። ረዳቷ ልጅ የእነሱን ወጥ አማስላ፣ በዚያው ጭልፋ የእኔንም እንዳያርብኝ ብላ አማስላልኛለች። «ያው በግ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ማንም አልነገራትም። አሁን ያንን ወጥ የእኔ ሰዎች አይበሉትም። የእነሱ ሰዎች ደግሞ የእስላም ሥጋ አይበሉም። አንድ ሙሉ ድስት በግ ባለቤት አጣ! በሩጫ ምስርና እንቁላል ሠርተን ነው የተረፍነው። ከዚያ ወዲህ የእኔ ጭልፋና ቢላ እጀታ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አስራለሁ።

በነገራችን ላይ በደንብ የታጠበ ዕቃ ሃይማኖቱ አይከለክልም። ግን እንግዳሽ ድስትሽ እንዴት እንደታጠበ አላየም። ልቡ ካልተረጋጋ ጉርሻው አይወርድለትም።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ አዋዜና ድልህ ነው። ስንቱ ቤት በጠጅ ወይም በአረቄ ነው የሚለወሰው! ሥጋው ሐላል፣ ድስቱ አዲስ፣ አዋዜው ግን አረቄ አለበት። አንዷ ደንበኛዬ «ሲሞቅ ይጠፋል» ብላ ተከራክራኛለች። እኔ አላስገባውም። በውኃ የተለወሰ ለብቻ አስቀምጪ። ዶሮም እንደዚሁ ነው። «ዶሮ ምን አላት» ይባላል፣ እሷም የሙስሊም እጅ ያረዳት መሆን አለባት።

አንድ ሰው ከሥር መጥቶ «ቁርኣኑ የመጽሐፉን ሰዎች፣ የክርስቲያኑንና የአይሁዱን፣ ምግብ ፈቅዷል» እንደሚልሽ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፣ አል-ማኢዳ የሚባለው ምዕራፍ ላይ 5ኛው አንቀጽ ይላል። በአገራችን ግን ልማዱ ሌላ ነው፣ እናንተም የእኛን አትበሉም። ድግስ ላይ ያንን መከራከር አያስፈልግም አቦ።

ብትሰሚኝ እንዲህ አድርጊ። በጉን ግዢና ከነነፍሱ ለአንዷ ሙስሊም ጎረቤትሽ ስጫት። እሷ ታሳርድ፣ በራሷ ድስት ትሥራው። ይሄ የቆየ የድሬ ልማድ ነው፣ ማንም አያፍርበትም። እንጀራው የአንቺ ይሁን፣ ችግር የለውም። የሙስሊም እንግዶችሽን ማዕድ ከጠላውና ከቢራው ራቅ አድርጊው። ሲበተኑ የሚቀመስ ሙሸበክ፣ ጣፋጩን፣ ከቀፊራ ገበያ አስመጪ፣ ያንን ሁሉም ይበላዋል።

ጎረቤትሽ ትልቅ ድስት ከሌላት የእኔ ቅዳሜ ሥራ የለውም፣ ልካ ታስወስድ። ክዳኑ ትንሽ ጎብጧል፣ ድንጋይ ይጫንበት።