አማቴን ሳላስቀይም እንዴት ልቅር?

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ቤተሰቦች በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰበሰባሉ። በሥራዬ ጠባይ ሁሉም ላይ መገኘት አልቻልኩም። «እሞክራለሁ» እልና እቀራለሁ፤ አማቴ ደግሞ ያኮርፋሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አማትዎን ከመቅረትዎ ይበልጥ ያስከፋቸው «እሞክራለሁ» ማለትዎ ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ እምቢታዎን ያለሰለሱበት ቃል ለጠሪዋ ግማሽ እሺታ ነው። ወንበር ይያዝልዎታል፣ ምግብ ይነሣልዎታል፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እርስዎ ይመስሏቸዋል።

ስለዚህ ጥሪው በደረሰዎት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቁርጡን ይንገሩ። ለራሳቸው ይደውሉ፤ የጽሑፍ መልእክት አይበቃም፣ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጻፍማ ከነጭራሹ አይሆንም። በሌላ ሰው ከላኩትም «አልመጣም አለች» ብቻ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል፦

«እማማ፣ አስበው ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ግን መምጣት አልችልም፤ የማታ ተረኛ ነኝ። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ልጆቹን ይዤ ብቅ ልበል?»

«አልችልም» ከምክንያቱ ቀድሞ መምጣቱን ልብ ይበሉ። ምክንያቱም አንድ ብቻ ነው። ሲደራረብ ለእያንዳንዱ መፍትሔ ይፈለግለታል፦ «ልጆቹን የሚይዝልኝ የለም» ሲሉ «ይዘሻቸው ነይ»፣ «ይመሽብኛል» ሲሉ «እናደርስሻለን» ይባላሉ። በመጨረሻ የሚቀርዎት ወይ መሄድ ወይ መጣላት ነው። የውሸት ሕመም ደግሞ አይሞከር፤ የሚወድዎት ሰው ሊጠይቅዎት ይመጣል። ደክሞዎት ከሆነ «በዚህ ሳምንት ማረፍ አለብኝ» ማለት ነውር የለውም።

«ለአንድ ሰዓት እንኳ?» ብለው ቢለምኑዎት አዲስ ምክንያት አይፈልጉ። ያንኑ በለሰለሰ ድምፅ ይድገሙት፦ «ቅር እንደሚልዎት ይገባኛል፤ ቅዳሜ ግን አልችልም።» ከዚያ «እነማን ይመጣሉ?» ብለው ስለ ዝግጅቱ ይጠይቁ። መቅረትዎ እሳቸውን መሸሽ እንዳልሆነ የሚሰማቸው ያኔ ነው።

ለአንድ ሰዓት መገኘት የሚችሉ ከሆነም የሚወጡበትን ሰዓት እሺ ሲሉ ይናገሩ። ገበታው ቀርቦ ቦርሳ ማንሣት ከመቅረት ይብሳል።

ባለቤትዎም ድርሻ አላቸው። ወሩ ሲገባ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ የትኛው ጥሪ እንደማይቀር፣ የትኛው ላይ እሳቸው ብቻ እንደሚሄዱ ለዩ። ሐዘንና ሠርግ ከዚህ ስሌት ውጪ ናቸው። ባለቤትዎ ለእናታቸው «እሷ አልመጣም አለች» ካሉ ግን የደከማችሁበት ሁሉ ይፈርሳል። «እኔ እመጣለሁ፣ እሷ ሥራ ላይ ናት» ይበሉ።

በማግስቱ ደውለው እንዴት እንደዋሉ ይጠይቁ። ረቡዕ ያሉትን ደግሞ በምንም ምክንያት አይሰርዙ፤ ያ ቀን ከቀረ የሚቀጥለውን «አልችልም» አማትዎ እንደ ቀድሞው «እሞክራለሁ» ነው የሚሰሙት።