የናይትስ ኦፍ ኮሎምበስን አጀማመር ለጠየቅከው ወንድም

ሰላም ወንድሜ፣ «ለቁምስናችን ሐበሾች እድር ልናቋቁም ነው፣ ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ እንዴት ተጀመረ፣ ደግሞ የሌላ ስቴት ትልቅ ማህበር ቅርንጫፍ ብንሆን አይሻልም ወይ» ያልከውን አይቼ ነው። ናይትስ ማለት አባል ሲሞት ወይ ሲታመም የሚደጋገፉ የካቶሊክ ወንዶች ማህበር ነው፣ እኔም አባል ነኝ፣ የእድራችንም ጸሐፊ ነበርኩ።

1. ቅርንጫፍ ልሁን ብለህ የሰው ደጅ አትጥና!! የናይትስ መስራች አባ ማይክል ማክጊቭኒም ሞክረውት ነበር። ኒው ሄቨን፣ ኮነቲከት፣ የቅድስት ማርያም ረዳት ካህን ነበሩ፣ ገና 29 ዓመታቸው። አባት ሲሞት ቤተሰብ እንዴት እንደሚበተን ያውቁታል፣ የራሳቸውም አባት እሳቸው ዘርአ ክህነት (የካህናት ትምህርት ቤት) እያሉ ነው የሞቱት። ኦክቶበር 2 ቀን 1881 ወንዶቹን ቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰበሰቡ፣ ቦስተን ድረስም ሄደው የካቶሊክ ፎረስተርስ የሚባለውን ማህበር አዩ፣ ግን የነሱ ቻርተር (የመንግስት የማህበር ፈቃድ) ከማሳቹሴትስ ውጪ አይሰራም ነበር። እሺ ብለው ቁጭ አሉ? አላሉም፣ ማርች 29 ቀን 1882 ከኮነቲከት የራሳቸውን ቻርተር አወጡ፣ ስድስት ወር እንኳን አልሞላም።

እኛም እድራችንን የሌላ ስቴት ማህበር ቅርንጫፍ ለማድረግ 14 ወር ጠበቅን ወንድሜ። ፎርም ሞልተን ላክን፣ አልደረሰንም አሉ፣ ደግመን ላክን፣ ስደውል የቢሯቸው ሴትዮ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በመጨረሻ «ከስቴታችን ውጪ አንቀበልም» የሚል ሁለት መስመር ኢሜይል። ይሄን በመጀመሪያው ቀን መናገር ምን ይከብዳል? በመሃል አንድ ወንድማችን ሞተ፣ ሶስት ልጆች አሉት፣ አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆመን ለመንን። ባለቤቱ «እድር አለን ትሉ አልነበር?» አለችኝ። እስካሁን አልወጣልኝም። ከዛ በኋላ በራሳችን ስቴት ስንመዘገብ በሶስት ሳምንት አለቀ።

2. መዋጮ። ናይትስ ሲጀምሩ አንድ አባል ሲሞት እያንዳንዱ 1 ዶላር ያወጣ ነበር፣ ለሚስትየው 1,000 ዶላር ይሰጣል፣ ታሞ ስራ ላቆመ ደግሞ በሳምንት እስከ 5 ዶላር ለ13 ሳምንት ይሰጥ ነበር። ግን አስበው፣ በ1 ዶላር 1,000 የሚሞላው 1,000 ሰው ሲኖር ነው፣ እናንተ 40 ሆናችሁ «ሰው ሲሞት እናዋጣለን» ካላችሁ የእኛው ልመና ነው፣ ስለዚህ በየወሩ አስቀምጡ።

3. ሁሉንም አባ ላይ አትጫኑ፣ እኛ ጭነን ሲዛወሩ ስብሰባው ራሱ ቆመ። አባ ማክጊቭኒ መሪ አልሆኑም፣ ጄምስ ማለን የሚባል ምእመን ነው የመጀመሪያው መሪ፣ እሳቸው ጸሐፊ ሆነው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፣ በ1884 እሱንም ለቀው መንፈሳዊ አባት ብቻ ሆኑ። በ1890 በ38 ዓመታቸው ሲያርፉ ማህበሩ 6,000 የሚጠጋ አባል ነበረው፣ አልፈረሰም፣ እንደውም አደገ። በ2020 ቤተክርስቲያን ብፁዕ አለቻቸው (ከቅድስና በፊት ያለው ማዕረግ ነው)፣ የዛን ቀን እኔም አልቅሻለሁ።

እኛም ዛሬ 112 ቤተሰብ ነን፣ እኮራበታለሁ። ደንባችንን ኢንቦክስ እልክልሃለሁ፣ እንደፈለጋችሁ ቀይሩት፣ «ገንዘቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ለሟች ቤተሰብ ይደርሳል» የሚለውን አንቀጽ ግን እንዳትነኩት።